ግድግዳ ልፈትሽ የገባሁበት ለቅሶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ለሳቸው ጾም የሻርኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን፣ ሳልታመም ታመምኩ ብዬ ከሥራ የቀረሁበትን ቀን ሁሉ ዘክዝኬላቸዋለሁ። እዚች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። ለምን እንደምዘላትም አላጣሁትም። «ሂጂና ለልጅቷ ንገሪያት» ነው የሚሉኝ። እሷን ደግሞ እፈራታለሁ። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለናንተ ልንገራችሁ። እናንተንም አምኜያችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ነገሩ ሁሉ የመጣብኝም ከዚሁ አመሌ ነው።

ያደረግኩትን ባጭሩ ልበለውና ይውጣልኝ። ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ሰው ቤት ገብቼ ቤቱን ፈትሻለሁ። እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ገብቼ፣ ሰው ላይ ቤት እያለቀሰ እኔ ታች ቤት ግድግዳ አሽትቻለሁ። ይሄ እንግዲህ ትንሹ ነው። ትልቁ ወደ ኋላ ይመጣል፣ አትቸኩሉኝ።

እኔ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ በኪራይ። አሥራ አራት ዓመት የሰው አልጋ ያነጠፈ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። ሰው ምን አልጋ ሥር እንደሚደብቅ፣ የቱን እድፍ በየትኛው ትራስ እንደሚሸፍን አውቃለሁ። እርጥበት ከበር ይሸተኛል። በዚያ ላይ መጀመሪያ አገሩ ስገባ ሀያትስቪል አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ተከራይቼ ነበር። አከራዩ ያገሬ ሰው ነው፤ «እህቴ፣ ቤትሽ ነው፣ አዲስ አስቀብቼልሻለሁ» አለኝ። በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠና ጥቁር ሻጋታ ከሥሩ ብቅ አለ። ፍራሼ ረጠበ። ብጮህ ማን ይስማኝ! ያን ጊዜ ነው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት መመሪያዬ ያደረግኩት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሀያትስቪል የበደለኝ ሰው ሌላ፣ እኔ የበደልኳቸው ሴትዮ ሌላ።

አንድ ቀን ግን ተነሳሁና፣ ተከራይቼ ከምሞት አከራይቼ ልሙት አልኩ። ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያ የኪራይ ቤት እንዴት ይገመገማል፣ ምን ይታያል፣ ምን ይጠየቃል። ደብተር ገዛሁ። ጣሪያ፣ ቧንቧ፣ መሠረት፣ ማሞቂያ፣ የሠፈሩ ኪራይ፣ ሁሉን ጻፍኩ። «በልብሽ አትግዢ፣ በዓይንሽ ግዢ» የሚለውን ሁለቴ አሰመርኩበት። ወለሉ መዝመሙን ለማወቅ ብይ አንከባሊ ሲሉ ሰምቼ፣ የጎረቤት ልጅ ብይ ለምኜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር። የአርባ አራት ዓመት ሴት ብይ ይዛ ስትዞር አስቡት!

ዮናስ የሚባል ኤጀንት፣ ቤት የሚያጋዛ ደላላ፣ ነበረኝ። እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እየደገፈ የሚሄድ ልጅ ነው፤ አንቱታ ደግሞ ጭራሽ አልፈጠረበትም። አሌክሳንድሪያ አንድ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ግድግዳ የሚጋራ ባለ ደርብ ቤት፣ ወሰደኝ። ባለቤቷ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፣ ባል የላቸውም፣ ጉልበታቸው ደረጃ እንቢ ስላለ ሸጠው ጀርመንታውን ወደ ሽማግሌዎች አፓርትመንት ሊገቡ ነው። እኛ ስናይ እሳቸው ቤት አልነበሩም፤ ልማዱ እንደዚያ ነው፣ ሻጭ ይወጣል።

«ፐርፌክት ነው ወይንሸት» አለኝ ዮናስ። «ላዩን ለፋሚሊ፣ ቤዝመንቱን ለብቻው ሬንት ታደርጊዋለሽ። የራሱ በር አለው፣ ሻወር አለው።»

ብዩን አንከባለልኩ፣ ቆመ። ማሞቂያውን አየሁ፣ ደህና። ቤዝመንት ወረድን። አንድ ክፍል ነው። ሦስቱ ግድግዳ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። አራተኛው ግን፣ ራስጌ የሚሆነው፣ እንደ ሰርግ ድንኳን ነጭ ሆኖ ተቀብቷል። ጠጋ ብዬ አየሁት።

«ይሄ ብቻ ለምን ተቀባ?» አልኩት።

«አይ ዶንት ኖው። ሜይቢ ደክሟት ነው።»

ሳቅኩበት። አንድ ግድግዳ ቀብቶ የሚደክመው ማነው? ሀያትስቪል ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ዮናስ ቤቱን የሚመረምር ሰው አመጣልኝ። ሰውዬው መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ «ደረቅ ነው፣ ምንም የለበትም» አለ። እኔ ደግሞ አሰብኩ። ይህን ሰው ማን አመጣው? ዮናስ። ዮናስ የሚበላው መቼ ነው? ቤቱ ሲሸጥ። ታዲያ መሣሪያው ምን ሊል ነበር? ማታ ማታ ሳሰላስለው ጭራሽ ሦስቱም፣ ዮናስም፣ ሰውዬውም፣ አሮጊቷም፣ ተማክረው እኔን አላዋቂዋን ሊያርዱኝ ቢላ የሚስሉ መሰለኝ። ቤቱን ግን ወድጄዋለሁ። ከሥራዬ ቅርብ ነው፣ የሠፈሩ ኪራይ ጥሩ ነው፣ ሌሎች ገዢዎችም ከበውታል። እንደገና ልየው፣ ለብቻዬ ልየው ብዬ ዮናስን ኮል አደረግኩት።

«አይቻልም፣ ሾዊንግ ካንስል ሆኗል፣ ቤቱ አይታይም» አለኝ። «የባለቤቷ ወንድም ኢትዮጵያ ሞቷል። ዛሬ ጠዋት መርዶ ተነግሯታል። ቤቱ በሰው ተሞልቷል።»

ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? በልቤ፣ «ታዲያ ለቅሶ ቤት ማን ይከለክለኛል?» አልኩ።

ማንም። ባንክ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ሆቴል መታወቂያ ይጠይቃል፤ ለቅሶ ቤት ግን ነጠላና እንባ ይበቃል። እንባ ባይኖርም ነጠላ ይበቃል። እናንተ ስንቱ ለቅሶ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ከየት መጣህ ብላችሁታል? አንድ ካርቶን ውሃ ገዝቼ በማግስቱ ሄድኩ። አንዱ ካርቶኑን ተቀበለኝ፣ አንዷ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። እትዬ ጥሩነሽን ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው፤ ቀጫጫ፣ አጭር፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ። ሴቶቹ፣ «የደሴው መምህር! ስንቱን ሰው ያደረግኸው! እህትህን ሳታይ፣ በቪዛ ታግደህ የቀረኸው!» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ጣሪያው ላይ የውሃ ምልክት እፈልጋለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ሁሉ ከፈትኩ፣ ሽንት ቤቱን ሁለት ጊዜ ለቀቅኩት፣ ግፊቱ ደህና ነው። ስወጣ አንዲት ሴት «አይዞሽ እህቴ» ብላ ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ልቤ ትንሽ እንኳን አልደነገጠም። የሌባ ዓይነ ደረቅ ማለት እኔ ነኝ።

ሰው እየበዛ ሲመጣ «ወንበር ከታች ቤት አለ» ሲባል ሰማሁ። «እኔ ላምጣ» ብዬ ብድግ አልኩ። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ብለውኝ ይሆናል።

ቤዝመንቱ ባዶ ነበር። የስልኬን መብራት አብርቼ ነጩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። አንኳኳሁት። በቁልፌ ጫፍ ከታች በኩል ጥቂት ፋቅኩት። የቀለም ዱቄት ብቻ ነው የወጣው። አላመንኩም። ጉንጬን ለጠፍኩበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ አሸተትኩት።

ከኋላዬ ደረጃው ሲጮህ ሰማሁ። ዞር ስል እትዬ ጥሩነሽ በአንድ እጃቸው መደገፊያውን ይዘው አንድ አንድ ደረጃ እየወረዱ ነው። ላይ ያለው ሰው በዝቶባቸው ኖሮ ትንሽ ብቻቸውን ሊሆኑ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አዩኝ። አሁን ጉዴ ፈላ አልኩ። እሳቸው ግን መጥተው አቀፉኝ።

«ልጄ፣ አንቺም እዚህ ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» አሉኝ። «አንቺም ታውቂው ኖሯል?»

«አዎ» አልኩ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። አንዲት ቃል ናት። «የለም እናቴ፣ እኔ ቤት የምገዛ ሰው ነኝ፣ ይቅርታ» ብል ምን እሆን ነበር? አፍሬ እወጣ ነበር። ቢበዛ እርግማን ይዤ እወጣ ነበር። ሰው በሐፍረት ሞቶ ያውቃል? እኔ ግን «አዎ» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

«ከየት?» አሉኝ።

«ከደሴ። ሰባተኛ ክፍል አስተምረውኛል።»

ደሴን እኔ የማውቃት ላሊበላ ልንሳለም ስንሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱንም ግማሹን መንገድ ተኝቼ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ጉለሌ ነው። የሰማሁት ከለቃሾቹ አፍ ነው፣ እዚያው ሰርቄ እዚያው ሸጥኩት።

እትዬ ጥሩነሽ ግድግዳውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ «አልጋውን እዚህ ነበር ላደርግለት ያሰብኩት» አሉ። «ሊጠይቀኝ ሊመጣ ነበር። ይሄ ክፍል ጨለማ ነው፣ ብርሃን ይሁንለት ብዬ በገዛ እጄ መቀባት ጀመርኩ። ይሄን አንዱን እንደጨረስኩ ልጁ ራሔል ደወለች። ቪዛውን ከለከሉት አለችኝ። ብሩሹን አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ እጄ አልነሳ አለኝ። ቤቱንም ለማን ብዬ ነው ብዬ ለሽያጭ አወጣሁት።»

ምን ተሰማሽ በሉኝ እስቲ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ግድግዳው ደረቅ ነው አልኩ በልቤ። ቤቱ ንጹሕ ነው አልኩ። አሮጊቷ ክንዴን ተደግፈው ቆመው እኔ የቤቱን ዋጋ አስብ ነበር።

ቀጥለው ነው ያቺን ጥያቄ የጠየቁኝ። እናታቸው ሲሞቱ እሳቸው እዚህ ወረቀት ስላልነበራቸው ለቀብር መሄድ አልቻሉም። ወንድማቸው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አልጻፈላቸውም፣ አልደወለላቸውም። ለቪዛው ጉዳይ ሲገናኙም ንግግሩ «ደህና ነሽ? ወረቀቱን ላኪ» ብቻ ነበር። ሊመጣ የፈለገው ሊታረቃቸው ይሁን ሊወቅሳቸው ሳያውቁ ሞተ። እና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አንቺ ተማሪው ነበርሽ፣ አፉን ሰምተሻል። ስሜን ያነሳ ነበር? አዝኖብኝ ነበር?» አሉኝ።

እዚህ አገር የመጡበትን፣ እናታቸው የሞቱበትን፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበትን ጊዜ በጭንቅላቴ ደመርኩ። ገጠመ። በሕይወቴ ሒሳብ እንደዚያ ፈጥኖ ገጥሞልኝ አያውቅም።

«ኧረ በምን ዕዳዎ!» አልኳቸው። «ምን ሲባል ያዝናሉ! ክፍል ውስጥ ሁሌ ነበር የሚያነሱዎት። 'ባሕር ማዶ አንዲት እህት አለችኝ፣ እንደሷ ብርቱ ሁኑ' ይሉን ነበር።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከላይ ሲያለቅሱት ከነበረው የተለየ ለቅሶ ነበር፤ እፎይታ ያለበት። እኔ ሁለት ወንበር አንስቼ ወደ ላይ ወጣሁ።

በሰልስቱ ምስር ወጥ ሠርቼ ተመለስኩ። «የእግዜር ነገር ይገርማል እትዬ፣ እኔም እኮ ቤት እየፈለግኩ ነው፤ የርስዎ እንደሚሸጥ አሁን ሰማሁ» አልኳቸው። አሁን! ኦፈር የሚሉትን፣ የመግዣ ዋጋዬን፣ አስገብቼ ከሳምንት በኋላ ሌላ ገዢ ከኔ የተሻለ አስገባ። እትዬ ጥሩነሽ፣ «የወንድሜን ተማሪ ትቼ ለማን ልሰጠው?» ብለው ለኔ ፈረሙልኝ። የክሎዚንጉ ቀን፣ የቤቱን ቁልፍ ስረከብ፣ ዮናስ ጠጋ ብሎ፣ «ሪሊ ግን ወንድሟን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። «አንተ ልጅ፣ ሥራህን ሥራ» ብዬ ተቆጣሁት። ስጠረጥረው የከረምኩት ልጅ ነው፤ ከሁላችን ንጹሑ እሱ ነበር።

ጀርመንታውን ከገቡ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉልኝ ጀመር። «እስቲ ስለሱ አንድ ነገር ንገሪኝ» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ቡናማ ካፖርት ነበራቸው አልኳቸው፤ ኪሱ ሁሌ ጠመኔ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ካፖርቱን አውልቀው ለኛ ለሕፃናቱ ያለብሱናል። ያንን ካፖርት በጣም ወደዱት። «የአባታችንን ነዋ፣ የአባታችንን ቢሆን ነው!» አሉ። እኔም በሚቀጥለው እሑድ፣ አዎ፣ የአባቴ ነው ይሉን ነበር አልኳቸው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እኔ ቤቱ በእጄ ከገባ በኋላ ምን አጥቼ ነው የምዋሸው? ለመድኩት። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ሰውዬውን በእርግጥ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ጥሩ ሥራ የሠራሁ ያህል ደስ ይለኛል። አሮጊት እያጽናናሁ ነው እኮ! እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አሁን ትልቁ ጋ ደረስኩ።

አንድ ቀን፣ እሑድም ሳይሆን፣ ደወሉ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

«ወይንሸት፣ ራሔል ደውላልኝ ነበር» አሉ። «አባቴ ሊሞት ሲል የሰጠኝ መልእክት ነበር፣ ልነግርዎ ፈርቼ ነው እስከዛሬ የያዝኩት አለችኝ። 'እህቴን ይቅር ብያታለሁ በያት፣ እሷም ይቅር ትበለኝ' ብሎ። ስምዎን እቤታችን እንዳናነሳ ከልክሎን ነበር፣ ሲታመም ነው ልቡ የተመለሰው አለችኝ። ይቅርታ የምን? ምንም አላዘነብኝም አላልሽኝም? ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ናችሁ እውነተኛዋ?»

አስተውሉልኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ይቅርታ ነው የመጣላቸው። እውነተኛው። ከወንድማቸው አፍ የወጣው። በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል፣ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ የሷን ይቀበሉ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ቤቱን ማንም አይወስድብኝም፣ ተፈርሟል። ምን ፈራሁ? መዋረድን። በእሑድ የሚደወልልኝ ሰው መሆኔ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ» አልኩ። «ብቻ ከአገር ቤት ያለ ነገር አይደወልም። ቤቱ መሸጡን ሰምታ ይሆናል። ዛሬ ይቅርታ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ታመጣለች። እኔ እርስዎን ብሆን እጠረጥራለሁ።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በሞተ ሰው ስም! በገዛ አባቷ ስም እንዲህ ትዋሻለች?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሔልን ስልክ አላነሱም። የወንድማቸው ብቸኛ ልጅ ናት፣ እሳቸውም ከሷ ሌላ የሥጋ ዘመድ የላቸውም። እኔ ነኝ ያለያየኋቸው። የገዛ ጥርጣሬዬን፣ ሀያትስቪል የቀሰምኩትን መርዝ፣ ማንንም ጠርጥረው በማያውቁ ሴት ልብ ውስጥ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ። አስታመምኳቸው፣ አልክድም። ለቅሷቸው ላይ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ሰው «እንደ ልጅ የሆነችላቸው» እያለ እኔን አጽናና። የዚያን ቀን በእውነት አለቀስኩ። ግን ማን ይመነኝ? እኔ ራሴ አላመንኩትም።

አምና ራሔል ዲቪ ደርሷት መጣች። ስፕሪንግፊልድ ከአገሯ ልጆች ጋር ነው የምትኖረው። ስልኬን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች አግኝታ ደወለችና፣ «አክስቴ የኖሩበትን ቤት ባየው ደስ ይለኛል» አለች። ምን ፈልጋ ነው? አልኩ። ጠበቃ ይዛ ይሆን? የቤቱን ወረቀት ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። እዚያም ሆኜ እኮ እሷን ነው የምጠረጥረው!

ብቻዋን መጣች። ቀጫጫ፣ አጭር፤ ቁርጥ አክስቷን። ቤዝመንቱ ያን ሳምንት ተከራይ ለቆት ባዶ ነበር። ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ሦስቱን ግድግዳ አስቀባለሁ፤ ያንን አንዱን ግን እጄ አልነካው ስላለ ትቼዋለሁ። አሁን ሦስቱ ነጭ፣ እሱ ብቻ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። ተከራዮች ሁሉ ይጠይቁኛል፣ ወሬ አስቀይራለሁ። ራሔል ግን አልጠየቀችኝም። መልእክቱን ልትነግር ከመደወሏ በፊት፣ ገና ሲነጋገሩ፣ አክስቷ የግድግዳውን ነገር ነግረዋት ኖሯል። ሄዳ መዳፏን ለጠፈችበት። ከታች በኩል በቁልፍ የፋቅኩት አሁንም አለ፤ አየችው አላየችው አላውቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልትል ነው ብዬ ቦርሳዬን ጨመቅኩት።

«እትዬ ወይንሸት፣ የመጣሁት ቤቱን ለማየት ብቻ አይደለም» አለች። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። አክስቴ እርስዎ የነገሯቸውን ነግረውኝ ስልኬን ማንሳት ሲተዉ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር። ይህች ሴት ውሸታም ናት፣ አባቴን አታውቀውም ብዬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። እዚህ መጥቼ ስጠይቅ ግን፣ እርስዎ እንዳስታመሟቸው፣ እርስዎ እንደቀበሯቸው ሁሉም ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይዋሽም። አባቴ እኛ ፊት የማያነሳውን ስም ተማሪዎቹ ፊት ያነሳ ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ አባቴን ያላወቅኩት። ኃጢአት ገብቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

ሦስተኛው ነበር። አንዴ ከአክስቷ ጋር እዚያው ግድግዳ ሥር፣ አንዴ በስልክ፣ አሁን ደግሞ እሷው ራሷ እግሬ ሥር። እግዚአብሔር ሦስት ጊዜ በር ከፈተልኝ። እኔ ግን ትከሻዋን ይዤ አነሳኋትና፣

«ይቅር ለእግዜር» አልኳት።

ይቅር አልኳት። እኔ! የበደልኩ እኔ፣ የተበደለችውን ልጅ ይቅር አልኳት፣ እሷም አመሰገነችኝ፣ ስማኝ ሄደች።

ይህንን ለናንተ የጻፍኩት ይቅር እንድትሉኝ አይደለም። ይቅርታው የናንተ አይደለም። ሕይወት አስተማረችኝ፣ ሰው አታለለኝ፣ አዲስ ገዢ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ እነዚህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ አይቻቸዋለሁ። አንዳቸውም «አዎ» በይ አላሉኝም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ራሔል እሑድ እሑድ መደወል ጀምራለች። ልክ እንደ አክስቷ፣ «ስለ አባቴ አንድ ነገር ይንገሩኝ» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ መላ ጠፋኝና አፌ ላይ የመጣልኝን ነገርኳት። ካፖርቱን። ቡናማውን፣ ጠመኔ ያለበትን፣ ከአያቷ የወረሱትን።

«እኔ ካፖርት ለብሶ ትዝ አይለኝም» አለች። «ይገርማል። ረስቼው ነው ማለት ነው። አባቴን እየረሳሁት ነው እትዬ።»

አልረሳሽውም ልጄ። ይሄ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ እባክሽ ይህችን ብቻ እመኚኝ። አባትሽ ካፖርት አልነበራቸውም። ካፖርቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።